ከቪኒሉ ሥር

ሹዌይክ፣ የጋራዦቹ ሰፈር፣ ሐምሌ የሚሉት እሳት፣
የቆርቆሮ በር ሲነኩት መዳፍ የሚልጥበት ሰዓት፣
አቡ ዱዐይጅ መጣ፣ ካፕሪሱን ቀስ ብሎ እየነዳ፤
አረንጓዴ ሰውነት፣ ነጭ የጣራ ቆዳ።
ቆዳው ግን ተሰነጣጥቋል፣ ውኃ እንደከዳው ኩሬ፤
ስፌቱን ነካ ባደርገው አሸዋ አራገፈ እንደ ፍሬ።

«እንደ ነበረ አድርገው» አለኝ፣ ቁልፉን መዳፌ ላይ ጥሎ፣
«አባቴ ከፋብሪካው እንዲህ ነው ያስመጣት» ብሎ።
«ነጩን ነጭ፣ ስፌቱን ስፌት፣ አንዲት ክር ሳትጎድል፤
እሱ ያልነካውን ነክተህ ሙት እንዳትበድል።»

የኒኬሉን ክፈፍ ፈታሁ፣
ብሎኑን አንድ በአንድ በሻይ ብርጭቆ ከተትሁ።
ጉልዛር ሙቅ አየሩን ይዞ፣ እኔ ስፓቱላዬን፣
እንደ ቁስል ፋሻ ላጥነው፣ እየቆጠብሁ ትንፋሼን።
አሮጌ ማስቲሽ ሲሞቅ፣ ሽታው ጉሮሮ ሲይዘኝ፣
ጋሽ ሙሄ ከነመርፌው ከኮምቦልቻ መጥቶ ታዘበኝ፦
«ሽፋን ስታወልቅ ዐይንህን እንጂ አፍህን አትክፈት፤
ከሰው ወንበር ሥር ስንት አለ፤ አንተ ስፋ፣ እለፍበት።»

ከዚያ ብረቱ ታየ።

ዝገት ጠብቄ ነበር፤ ዝገትማ ነበረ፣
በኋላው መስተዋት ጥግ እንደ ሻይ ቅጠል ያረረ።
ግን ከሹፌሩ ራስ በላይ፣ ስቱኮ ሞልቶት የኖረ
አንድ ክብ ነገር አየሁ። በካቻቢቴ ነካሁት።
ተሰብሮ ወደ ውስጥ ገባ። ጣቴን ከትቼ ለካሁት።
ጠርዙ ወደ ታች ታጥፏል። ድንጋይ እንዲህ አይበሳም።
ጉልዛር አየኝ፤ አየሁት። ማንም ቃል አላነሣም።
የክፈፉ ቀዳዳም ቢሆን የፋብሪካ አልነበረም፤
በእጅ መሰርሰሪያ የተበሳ፣ መስመሩ አልሰመረም።

እዚያው፣ ከስቱኮው አጠገብ፣ በደረቀው ማስቲሽ ላይ፣
የሰው መዳፍ ታትሟል፣ ቆዳ መስመሩ የሚታይ።
አራተኛው ጣት ግን ግማሽ ነው፤ መጋዝ በልቶት ይሆን ወይ?
ከየት አገር እንደመጣ፣ ስሙን ማን ይነግረኛል?
ሥራው ግን ጥሩ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ሸሽጎታል።

ደወልሁለት። አቡ ዱዐይጅ ዲሽዳሻውን ሰብስቦ
ከጣራው ጎን ቆመ፣ ፊቱን ወደ ብረቱ አቅርቦ።
ሌባ ጣቱን ሰደደ፣ እስከ አንጓው።
ብዙ ቆየ። አላወጣውም።

«በወረራው ሰሞን አባቴ ዳቦ ሊያመጣ ወጥቶ
ማታ ገባ። እጁን ታጠበ፣ ሰግዶ ተኛ፣ ውኃ ብቻ ጠጥቶ።
ምን ገጠመህ ብንለው፣ ‹መንገዱ ጭር ብሏል› አለ።
እስኪሞት ከዚህ በላይ አንዲት ቃል አላከለ።»

እኔም እንደ ሙያተኛ፦ «ላሜራ በይጄ ቀለም ልቀባው?
ቪኒሉ ይቅር፤ ብረቱ ገላጣ ከሆነ እርጥበት አይገባው።»
መልሱ ቶሎ አልመጣም። ማራገቢያው ዞረ፣ ዞረ፤
ከሦስት መስጊድ አዛን፣ እየተሻማ፣ ጀመረ።
«ቀዳዳውን አትድፈን። ላዩን እንደ ድሮው አልብሰው።
አባቴ በዝምታ የሰፋውን እኔ ማነኝና ላፍርሰው?»

ማታ እናቴ ደወለች። «ክፍልህ ይቀዘቅዛል?» አለች።
«እንደ ደጋ» አልኋት። ስምንት ነን፤ ማቀዝቀዣዋ ማክሰኞ ሞታለች።

በነጋታው ዝገቱን ፋቅሁ፤ ከመዳፉ አልደረስሁም፣
ዙሪያውን ዞርሁት እንጂ አንድ ጣት አልነካሁም።
አዲሱ ማስቲሽ ሳይደርቅ፣ ጉልዛር ዞር ባለበት ቅጽበት፣
መዳፌን ከጎኑ አሳረፍሁ፣ አምስት ጣት፣ ሳይጎድልበት።
ነጩን ከመሐል ወደ ዳር፣ አየር እያስወጣን ሳብነው፤
ቀዳዳዋ ላይ ሰርጎድ አለ፤ ጠበቅ፣ ጠበቅ አደረግነው።

ጎማ ሻጩ ጎረቤት ከደጅ ሆኖ አየና፣ ተደንቆ፣
«ከፋብሪካው ነው?» አለው፣ ጣራውን በጣቱ አንኳኩቶ።
«ከፋብሪካው» አለ አቡ ዱዐይጅ፣ ሞተሩን አስነሥቶ።